ከእናቴ ጋር ከማኅበር የወጣው የጥልፍ ማሽን

ለተከበሩ የአካባቢያችን የሀብት ምንጭ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የጎረቤት ጓዳ ሲመለከቱ የሚውሉት ዓይኖችዎ ድካም እንዳይሰማቸው፣ እንቅልፍዎም የሰው ንብረት ሐሳብ ሳያቋርጠው የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ያሸጉት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ልጅ ነኝ። ትምህርት ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ እናቴ የጀመረችው የአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ግን እጅጌው ሳይገጠም፣ ቁልፉ ሳይተከል ከእሽጉ በስተጀርባ ቀርቷል። በቀኑ ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለማን እንደሚሰጥ የምጠረጥረው አለኝ፤ ሆኖም መጠርጠር የእናንተ የሥራ ድርሻ ስለሆነ ጣልቃ አልገባም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እናቴ የማኅበራችሁ አባል ሳለች ያንን የጥልፍ ማሽን ስትገዛ፣ እርስዎ ራስዎ ከጎኑ አቁመዋት ፎቶ አስነስተዋት፣ «ሠርቶ የመለወጥ ምሳሌ» የሚል ጽሑፍ ጨምረው ፎቶውን በቢሮዎ ኮሪደር ስለሰቀሉት እናመሰግናለን። በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አመራሩ ለምን በምርጫ እንደማይቀየር ጠይቃ፣ መልስ ስታጣ ከማኅበሩ ከወጣች በኋላ ግን ፎቶው ወረደ፤ ማሽኑም «ምንጩ ያልታወቀ ሀብት» ሆነ። ሞተሩ ያው፣ ድምፁ ያው ነው። የባለቤቱ አመለካከት ሲለወጥ የዕቃው ምንጭ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚደርቅ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም ነበር።

፪. ከቤታችን ፊት ለፊት ሦስተኛ ፎቅ እየጨመሩ ያሉት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የማኅበራችሁ ታማኝ አባል ናቸው። ኮሚቴው አንድም ቀን ቀና ብሎ ቤታቸውን አላየም፤ አንገት ያማል መሰለኝ። የእርሳቸው ፎቅ የቁጠባ ባህል፣ የእናቴ ማሽን ስግብግብነት መሆኑን ስላስረዱን ውለታዎ አለብን። የእናቴን ስም ለኮሚቴው ማን እንዳቀበለ ግን አልጠይቅም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሲያዩት የእኛ ግቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

፫. እውነቱን ለመናገር እኔም የእናንተው ደቀ መዝሙር ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን መኪና ያለውን ሁሉ ሌባ እያልን እንፈርድ ነበር፤ የአንዷ ጓደኛችን አባት መኪና ብቻ «ለሥራ» ነበር፣ እርሳቸው የእኛን ሐሳብ ይደግፉ ነበርና። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ አንቺ ልጅ፣ ሰው ያለውን ከማየትሽ በፊት እጁን እዪ ትለኝ ነበር። የእርሷ አመልካች ጣት መርፌ ሁለት ጊዜ አልፎበታል። ሊያሽጉ የመጡትን የኮሚቴ አባላት እጅም አየሁ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። በዚህ ምክንያት ግን ማንንም አልጠረጠርኩም።

እንግዲህ እሽጉን እስከ ሰኞ ያንሱልን፤ ካልሆነም ማስረጃዎን እርስዎ ፈርመውበት በታሸገው በር ላይ ከለጠፍኩት ከዚህ ደብዳቤ ጎን ይለጥፉልን፤ ሰፈሩ ሁሉ ማንበብ ይችላል።

ከጥርጣሬዎ ጥላ ሥር ሆና ረጅም የሥራ ዘመን የምትመኝልዎ፣
የዲግሪዋ ምንጭ የእናቷ መርፌ መሆኑን ለማንም የማትደብቅ፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው በንብረት ዝርዝሩ ላይ በተራ ቁጥር አሥራ አራት «ከስፌት ቤቱ ባለቤት አቅም በላይ የሆነ ውድ የወንድ ሙሉ ልብስ» ብሎ የመዘገበው የእርስዎ ነው፤ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ወገቡ እንዲለቀቅልዎ ያመጡት። እናቴ የደንበኛ ገመና አታወጣም። እኔ ግን መስፋት አልተማርኩም። ልብሱን ለመውሰድ የሀብት ምንጭዎን የሚያስረዳ ቅጽ ይሙሉ፤ ስለ ወገቡ ደግሞ እናቴ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ አልቀረውም ብላለች።