ከ«ወልደ» ቀጥሎ

ላፍቶ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለከበበው፤
ከርቱም፤

ኦፕራሲዮንህ ሳይደርስ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ እየተመኘሁ፣ እንዳይደርስህም እየፈራሁ እጽፍልሃለሁ።

የአባታችንን ዳዊት አዋቂ ዘንድ ወስደሽ ታሪኩንና ዋጋውን አስመርምሪ ብለኸኝ ነበር። ከመውሰዴ በፊት አጸዳሁት። እንግዳ ፊት የቆሸሸ ነገር አላቀርብም፤ ታውቀኛለህ። የብራናው ኅዳግ በእርሳስ ተጫጭሯል፤ ፊደሉ የተንጋደደ፣ መስመር የማይጠብቅ። የሕፃን እጅ መሰለኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ መጽሐፍ ላይ የጻፈች ልጅ እጇን በማስመሪያ ትመታ ነበር። ላጲስ ገዝቼ ገጽ በገጽ ፋቅሁት። ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤህ በማግስቱ መጣ። የዚያው አገር ቄስ ሊጸልዩልህ ክርስትና ስምህን ጠይቀውህ፣ እህቴ ታውቀዋለች ብለሃቸዋል። ከየት አውቄ? አንተ ክርስትና ስትነሳ እኔ አዳሪ ነበርኩ። እናትና አባታችንም ክርስትና አባትህም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ዳዊቱን ታክሲ ውስጥ ታቅፌ፣ የብራና መጻሕፍት ወደሚመረምሩት ወደ አቶ ሙሉሰው ወሰድኩት። ጽሕፈቱ ከቅድመ አያታችን ዘመን ይቀድማል አሉኝ። ከዚያ አንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

«እማማ፣ ይህን ማን ፋቀው?»

«እኔ» አልኩ።

እርሳሱ ብራናው ላይ የተወው ጭረት በብርሃን ይታይ ነበር። ቀስ ብለው አነበቡት፦ «ልጄን ዛሬ አዳሪ ወሰዱብኝ።»

ከበበው፣ እናታችን ፊደል አትቆጥርም እያልኩ ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። ላልጠየቀኝም ሰው ሳይቀር ነግሬያለሁ።

«እንዲህ ያለ ዳዊት ሌላም ይገኛል» አሉ አቶ ሙሉሰው። «ይህን የጻፈች እናት ግን አትገኝም።»

የሚቀጥለው ገጽ ያንተ ነው። «ከበበው። ክርስትናው ወልደ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አጥብቄ ፍቄዋለሁ፤ አጉሊ መነጽርም አላወጣውም።

መጀመሪያ «ወልደ ሚካኤል ነህ» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ማን ያውቅብኛል ብዬ። ቀደድኩት። በእናታችን ጽሑፍ ላይ ሁለተኛ ጥፋት አልጨምርም።

ሀና ማርያም ሄጄ ለመምሬ ቦጋለ ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ አልተቆጡም። አሁን ለሕሙማን ሲጸልዩ ያንተ ተራ ሲደርስ «ወልደ» ይሉና ጥቂት ዝም ይላሉ። እኔም አብሬ ዝም እላለሁ። ለዚያ ለከርቱሙ ቄስም እንዲሁ በላቸው። የጎደለውን ያጎደለችው እህቴ ናት በላቸው።

የእናታችን አምላክ ከሐኪም ቤት በእግርህ ያውጣህ። እኔ የፋቅሁትን እርሱ አይፋቀው።

እህትህ
ጸደንያ