በስምሽ የተጠየቀው ጤና

ካምፓላ፣ ኪሱጉ
ሐምሌ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? የእናትሽ ወገብ ተሻላቸው ወይ? ቢሾፍቱስ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስትደውይ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ድምፅሽን እየሰማሁ ይህን መናገር ስላቃተኝ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ግዢውንም መጋዘኑንም ሒሳቡንም የምንሠራበት ሲስተም ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨመረበት። ዘይት ሲያልቅ ራሱ ያያል፣ ነጋዴውን ራሱ ይመርጣል፣ የትእዛዝ መልእክቱንም ራሱ ይጽፋል። ያስገባሁት እኔ ነኝ። በድርጅቱ ስም ሲጽፍላቸው የኪኩቦ ገበያ ነጋዴዎች ቶሎ አይመልሱም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ማዕረግ፣ "ይመልሱ የነበረው ለእሷ ነው" አለኝ፤ አንቺን ማለቱ ነው። የድሮ መልእክቶችሽን አስጠናሁት፤ በስምሽም እንዲጽፍ አደረግሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣ ጀመር።

ለነጋዴው ለሐጂ ዓሊ ስትጽፊ ከዋጋ በፊት የባለቤታቸውን የማማ ሳውዳን እግር ትጠይቂ አልነበር? ሲስተሙም ይህንኑ ለመደ። ግንቦት ላይ ሐጂ "ሳውዳን ቀበርናት" ብለው ጻፉ። ሲስተሙ አንጀት የሚበላ የማጽናኛ ቃል መለሰላቸው፣ በስምሽ። በሚቀጥለው ትእዛዝ ደግሞ "የማማ ሳውዳ እግር እንዴት ሆነ?" አላቸው።

ሐጂ ቢሯችን ድረስ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አንቺን ጥሩልኝ ብቻ አሉ። ማዕረግም "ስብሰባ ላይ ናት" አላቸው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። አሁንም የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታዬ ነው።

በማግስቱ ቦዳ ሞተር ሳይክል ይዤ ኪኩቦ ሄድኩ። ተሸካሚዎቹ ካርቶን ተሸክመው እየገፉኝ ሲያልፉ፣ ሱቃቸው በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጻፈው ሲስተሙ እንደሆነ፣ አንቺ ከጥር ጀምሮ አገር ቤት እንደሆንሽ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ሰጡኝና፣ "ያንን የማጽናኛ ቃል ለልጆቼ አንብቤላቸው ነበር" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እንግዲያው ያቺ ልጅ የሳውዳን መሞት አታውቅም" አሉ። ያዘኑት ለራሳቸው አልነበረም። "ንገሪያት፣ ልጄ፤ ሳውዳ ትወዳት ነበር" ብለው ሸኙኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ አውቃለሁ። የማማ ሳውዳን ነፍስ ይማር።

ስምሽን ከሲስተሙ አውጥቼዋለሁ፤ ማዕረግን አላስፈቀድኩም። ትናንት ደርሶበት፣ ሰኞ እንነጋገራለን አለኝ። የመጣው ይምጣ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለሐጂ ደውዪላቸው። አትጻፊላቸው፣ ድምፅሽን ይስሙ።

ለእኔ መደወል ካስጠላሽ ግን አልቀየምሽም። ኅዳር ላይ "መጠባበቂያ ልያዝልሽ" ብዬ መልእክቶችሽን ስቀዳ፣ "ሥራ አስፈታሁሽ" ብለሽ ከበር ላይ ትኩስ ሮሌክስ፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ገዝተሽልኝ፣ ለሁለት ተካፍለን በላን። የስንብት ደብዳቤሽ የደረሰሽ ጥር ላይ ነው፤ እኔ ግን ሲስተሙ በቦታሽ እንደሚገባ ያኔም አውቅ ነበር።

ለእናትሽ ዕድሜ ከጤና ይስጥልሽ። አንቺንም ከእኔ የተሻለ ወዳጅ አያሳጣሽ።

አብሮ አደግሽ