ካሜራውን አይቼው ነበር

አቡዳቢ፣ አል ሻምኻ
ሚያዝያ 12 ቀን 2017

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰንብተሻል እማ? ያ የግራ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ፆሙ ሳይከብድሽ አለፈ? የበልጉ ዝናብስ እኛ ቀዬ፣ ደጋን ላይ ጣለ ወይስ እንደ አምናው ደመናውን አሳይቶ ሄደ? ለወንድሜ ለአንዋር፣ ለሚስቱ፣ ደጃችንን ለሚያልፍ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ሌላውን እየጻፍሁ እነግርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ አንዋር እንዲያነብልሽ አልፈለግሁም። የሚከብደውን እየዘለለ እንደሚያነብ አውቃለሁ። ለጥሩወርቅ እንዲደርስ ያደረግሁት ለዚህ ነው። እሷ ከጎረቤትም በላይ የልብሽ ሰው ናት፤ አንድም ቃል ሳታስቀር ታንብብልሽ።

ስደውል አንዋር አንድ ቀን ሶላት ላይ ናት ይለኛል፣ አንድ ቀን ገበያ ወጥታለች ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ ሶላት ላይ የሚሆን ሰው የለም እማ። አጥብቄ ስይዘው ፎቶውን እንዳሳየሽ ነገረኝ። “ለሰው እናት እንዲህ የምትስቅ ልጅ እኔን ምን ልትለኝ ትደውላለች?” ብለሽ ስልኩን መለስሽለት አሉ። አልፈረድሁብሽም። ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ከራሴ ስሚው።

በፎቶው ላይ ያየሻቸው አሮጊት የአሠሪዬ የሳሊም እናት ናቸው። እዚህ አገር ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዘጠኙን ያሳለፍሁት እሳቸውን ሳስታምም ነው። የምጠራቸው ማማ ብዬ ነው። ቃሉ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። የቤቱን ትልቅ ሴት እዚህ ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእኔም ከዚህ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ማማ የአል ዐይን ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አል ቶዋያ ያለው ቤታቸው ተዘግቶ ልጃቸው ዘንድ አል ሻምኻ መጡ፤ ልባቸው ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጧሂር፣ ያ የደሴው ልጅ ሾፌራችን፣ ሁለታችንን ጭኖ ይወስደን ነበር። አል ዐይን መሐል ሰፊ የቴምር ጫካ አለ። በጭቃ አጥር መካከል በሚያልፉት ጠባብ መንገዶች ቱሪስት ሲዞር ይውላል። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ግን ዛሬም የየቤተሰቡ እርሻ ነው፤ ማማም ከአባታቸው የወረሱት ሠላሳ የማይሞላ የቴምር ዛፍ አላቸው። እዚያ ምንጣፍ አነጥፍላቸዋለሁ፣ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው አውርጄ አስደግፋቸዋለሁ፣ የውኃውን ቦይ እያዩ ይውላሉ።

ቱሪስቶቹ በአጥሩ ክፍተት አንገታቸውን አስገብተው ያዩናል። ማማም ያዩዋቸዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ወጣቶች በፀሐይ ቀልተው ሲያልፉ አሳዘኗቸውና ቴምር በሳህን አድርጌ እንድሰጥ ላኩኝ። ወጣቱ ኪሱ ገባና ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስጦታ ነው ብለው አላመነኝም፤ እጁን ሰብስቦ ጓደኛውን ይዞ ሄደ። ማማ ሳህኑ እንደሞላ ሲመለስ አይተው፣ እነዚህ ሰዎች አገራቸው ላይ እንግዳን የሚያስተናግዱት ሒሳብ እየጠየቁ ነው ወይ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከፍቷቸው ዋለ።

ጧሂር እንደሚለው ቱሪስት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የአገሬው ሰው የት ነው ያለው? የአገሬው ሰው መስተዋቱ የጠቆረ መኪና ውስጥ ነው፤ ከአጥር ኋላ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙት እኛን ነው። እኔ ደግሞ ጥቁር ዓባያ ስለምለብስ ብዙዎቹ ይሳሳታሉ። አል ራሐ ቢች የሳሊም እህት ቤት ሄደን ሕፃን ልጇን ባሕሩ ዳር ሳንሸራሽር አንዲት ቱሪስት የዚህ አገር ሰው ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ሴትዮዋ በአክብሮት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አለፈች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአገር ሰው ሆኜ የዋልሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ነው። የዚህ አገር አሮጊቶች ቅንድብና አፍንጫቸውን የሚሸፍኑበት ቡርቃ አላቸው፤ ከሩቅ እንደ ናስ ያብለጨልጫል። ማማ ከአሥራ አራት ዓመታቸው ጀምሮ ያለሱ ለባዳ ታይተው አያውቁም። ያን ዕለት ትንፋሽ አጠራቸውና አወለቁት። ሰው አልነበረም። ሻርፓቸውን እጄ ላይ ይዤ፣ ቴምሩን ፍሬውን እያወጣሁ አጎርሳቸው ጀመር። ቀና ስል በአጥሩ ክፍተት አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ካሜራዋን ይዛ ቆማለች። ወዲያው አላነሳችም። እኔን አይታ፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሻርፑን ለመዘርጋት አንድ እጅ ይበቃኝ ነበር። አልዘረጋሁትም። ሳቅሁላት።

እማ፣ ያ ያስከፋሽ ሳቅ ለማማ የሳቅሁት አይደለም። ለዚያች ለማላውቃት ሴት ነው። እዚህ ሰው የሚያየው የያዝሁትን ነው፤ ሕፃኗን፣ ዘንቢሉን፣ የማማን ወንበር። ያቺ ሴት ግን ቆማ እኔን አየችኝ። በዚያች ቅጽበት የማማ ፊት ገላጣ መሆኑን ረሳሁት ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም።

ሁለት ሳምንት አልፎ ፎቶው ሳሊም ስልክ ላይ ደረሰ። ሴትዮዋ “እናትና ልጅ፣ አል ዐይን” ብላ ለጥፋው ኖሮ ስንት ሺህ ሰው ተቀባብሎታል። የእኛም ሰዎች አግኝተውት፣ ገሚሱ የወሎ ልጅ እያለ ሲያወድሰኝ፣ ገሚሱ ለዐረብ አጎራሽ ሆነች እያለ ሲሰድበኝ ነበር፤ አንቺ ዘንድም የደረሰው በዚያ በኩል ነው። ሳሊም በሕይወቱ ጮሆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም። የእናቱን ፊት የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አይተውት አድረዋል። ካሜራውን አይተሽው ነበር ወይ አለኝ። አላየሁም አልሁ። ሚስቱ ማዳም ከሴትዮዋ ምን ተቀበለች ብላ ጠየቀች፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ተሰርዞ በሳምንቱ እንድሸኝ ፈለገች። በእሷ አልፈርድም። የእኔ እናት ፊት እንዲህ ቢሆን እኔም ከዚህ የባሰ እል ነበር።

ማማ ከክፍላቸው ሆነው ሰምተው አስጠሩን። ፎቶውን አሳዩኝ አሉ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ፊታቸው ያዘችላቸው። ለመታወቂያ ካልሆነ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣

“ፊቱ የእኔ ነው፤ ያወለቅሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዋት። ኸላስ፣ በቃ” አሉት።

ሁሉም ወጣ። እኔ እግራቸውን ሸፍኜ ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

“ነጅማ፣ ሻርፑ እጅሽ ላይ ነበር።”

የሸፈንሁላቸውን ብርድ ልብስ በሌላው እጄ እንደገና አስተካከልሁ።

“ስትስቂላት አይቼሻለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ጥርስሽን ያየሁት ያን ቀን ነው” አሉኝ። “ለዚያ ብዬ እንዴት ላባርርሽ?”

እግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

የልጅ ልጃቸው ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ጻፈችላት፤ ፊታቸው ለባዳ የማይታይ መሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ ፖላንድ የምትባል አገር ሰው ናት። በዚያው ዕለት ፎቶውን አውርዳ ረጅም ይቅርታ ላከች። እናቷ ባለፈው መኸር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ብቻዋን ሞታባታለች። ስለዚህ አገር የሰማችው ሁሉ ፎቅና ወርቅ ስለነበር፣ የደከመ ሰው በእጅ ሲጎርስ አያለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ያንን ስታይ እግሯ አልሄድ እንዳላት ጻፈች። ልጅቷ ወደ ዐረብኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ማማ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ እኛ ስለነሱ የምንለው እናታቸውን ይጥላሉ ነው፣ ይህችኛዋ ግን እያለቀሰች ነው የምትዞረው አሉ። ዐፉ ብያታለሁ ብለሽ ጻፊላት ብለው አዘዟት።

ማማ ለእኔ እውነቱን እያወቁ ሸፈኑልኝ። እኔ ግን አንቺን ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ፤ የጻፍሁልሽም ለዚህ ነው።

አባቴ የሞተ ጊዜ ካፊሌ ሳሊም ፓስፖርቴን ከለከለኝ ብዬሽ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። መርዶው በመጣ ዕለት ሳሊም ትኬት ቆረጠልኝ። ማማ ሂጂ፣ ከእናትሽ ጋር አልቅሺ ብለው መርቀው ሸኙኝ። ጧሂር መኪናውን አስነስቶ ሻንጣዬ ተጭኖ ነበር። ከመኪናው የወረድሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንደወረድሁ ለራሴም ለመናገር ጊዜ ወስዶብኛል። ከአምስት ዓመት በፊት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አባቴ አልጋውን ለቆልኝ መሬት ተኛ። ሰው ሁሉ ሻንጣዬን አየ። ልጆቹ “ዐረቧ መጣች” እያሉ ተከተሉኝ። ውኃ ልቀዳ ጀሪካን ባነሳ ከእጄ ቀማሽኝና፣ “ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ” አልሽኝ። በፍቅር እንዳልሽው አውቃለሁ። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላደረግሁም፤ ስልኬን ይዤ ቤታችንን፣ በሬውን፣ የጎረቤት ልጆችን ፎቶ ሳነሳ ከረምሁ። የጥሩወርቅን አማት ሳላስፈቅድ አንስቻቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ ስቄ ነበር። በአጥሩ ክፍተት ከቆመችው ሴት በምን እሻላለሁ?

የአባቴን ለቅሶ ግን እንደ እንግዳ መድረስ አቃተኝ። ወንበር ተስቦልኝ፣ በሌላ ሳህን ቀርቦልኝ፣ ሰው ልብሴን እያየ ሊያጽናናኝ። ፈራሁ እማ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቺ ብቻሽን ለቅሶ ስትቀመጪ እኔ እዚህ የማማን እግር እያሸሁ በሆዴ አለቀስሁ። ዐፉ በይኝ። ካልቻልሽም ቶሎ እንድትይኝ አላስቸኩልሽም።

እዚህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከዒድ ወዲህ ጧሂር ሐሙስ ሐሙስ መኪናውን አያስነሣም። የቴምሩን እርሻ ቁልፍ ትናንት ለሳሊም መለስሁ። የማማ ክፍል መስኮት ተከፍቶ ይውላል፤ ማዳም አልጋውን አስወጥታዋለች። እሷም በርዳለች፤ ይህን ሰሞን ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሳሊም ልጆቹን እያየሁ እንድቆይ ጠየቀኝ። አመስግኜ እምቢ አልሁት። ግንቦት ሲገባ እመጣለሁ፤ የመመለሻ ትኬት አላስቆረጥሁም።

ስመጣ ለጎረቤት አትንገሪ። አልጋም አትልቀቂልኝ። በማግስቱ ሥራ ስጪኝ፤ ካጠፋሁ ተቆጪኝ፤ ድሮ እንደምትቆጪኝ አድርገሽ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጓሮሽን በዝናብ ይጎብኘው። የአባቴን ቀብር ጀነት ያድርግለት። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ከብዶሽም ቢሆን እሺ በይኝ። ለአባቴ ዱዓ ስታደርጊ ከስሙ ቀጥሎ የአንዲት ሴት ስም ጨምሪልኝ። ዘጠኝ ዓመት ማማ እንጂ ስማቸውን ጠርቼው ስለማላውቅ፣ ለጥሩወርቅ እንዳይጠፋት አጥርቼ ጽፌዋለሁ፤ ሸማ ቢንት ራሺድ።

ልጅሽ