የልጄን አፍ የያዘው ሐዘን አይደለም

ይድረስ ላሳደገችኝ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

ጤናሽን ሳልጠይቅ ጥፋቴን ማስቀደሜን ይቅር በይኝ፤ ሰላምታውን ስደረድር ድፍረቱ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ነው። ልጄ እንደ እኩዮቿ የማትናገረው፣ አፏን የያዘው የእናቷ ሐዘን ነው ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። አንቺም አምነሽኝ ተሳልሽላት፣ ጾምሽላት። አፏን የያዘው ስልክ ነው፤ የሰጠኋትም እኔው። ሟች ባለቤቴን መሸፈኛ ማድረጌ ነው ዕረፍት የነሳኝ።

አሁን ልጠይቅሽ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የማይለቅ ሳልስ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ድካሙ ግን ከአልጋ አብሮኝ ይነሳል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሱሪ ነው። ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቀኝ ልጅቷ መርፌ እንዳትነካ አሮጌውን ስልኬን ሰጠኋት። ከዚያ ለምሳ፣ ከዚያ ለእንቅልፍ ሆነ። ያለ ስልክ ለማንኪያ አፏን አልከፍት አለች። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ስብከት ሰክቼ እሰፋለሁ፤ የእሷ ጨዋታ፣ የኔ ጽድቅ መስሎኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አራት ዓመት ሳይሞላት ለስልክ ዳርካት እኮ! ያውም ሳትጠራን!» ሲለኝ ስቄ አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ አስጠራችኝ። ልጆቹን «አባታችሁ ቤት ምን ይላል?» ብላ ስትጠይቅ፣ አንዱ «ብሉ ይላል»፣ ሌላዋ «ይቆጣል» ሲሉ፣ የኔዋ ጣቷን ቀስራ «ቆዪ!» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው የኔ ቃል። መምህሯም፣ «ስልኩ ብቻ እኮ አይደለም፤ የሚያናግራት ሰው የለም። በቀን ግማሽ ሰዓት ይብቃት፤ እሱንም አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ‹ይሄ ምንድን ነው?› እያሏት» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ትናንት ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ስወስድባት እጄን ነከሰችኝ፤ ድካም አሸነፈኝና መለስኩላት።

የባለቤትሽን የጋሼን ጉልበት ሳሚልኝ። መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? በርቺ በያት። ስለቱን ግን አታቋርጪብኝ፤ አሁን ለኔም ጨምሪበት።

ወንድምሽ
ከልብስ ስፌት ቤቴ፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን

ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ልጨምር። ዛሬም ስወስድባት ነከሰችኝ። አልመለስኩላትም። የስፌት መኪናውን አቆምኩ፤ ስብከቱን እኩሌታው ላይ አጠፋሁ፤ የእሷንም የኔንም ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩና፣ ልቅሶዋ እስኪወጣላት ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።