የደንበኞቼን ስም አልሰጥም

ለልጅ ልጄ ለሙሐሲን፣

ሲፈለግ የከረመው የአያትህ የግራ እግር ካልሲ በትናንትናው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከአንዲት የታወቀች ሴት ትራስ ሥር መገኘቱን ስገልጽልህ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል። ምርመራው ቀጥሏል። ተጠርጣሪዋ ቁርሴን ስለምትሠራልኝ ግን ስሟን ከመጥቀስ ተቆጥቤአለሁ።

አሰላሙ አለይኩም የኔ ሸበላ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ አዲስ አበባ በገባህ ቁጥር የሚያጉረመርመው ሆድህስ? ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትውጠው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእኔ ጉልበትና ከሴት አያትህ ምላስ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። አንተ የምትሠራበት የክፍያ ድርጅት የማያነበው ነገር ይህ ብቻ ስለቀረኝ ነው። ፖስታውንም ያጣበቅኩት በምንሸጠው ቡላ ነው፤ እስቲ ይክፈቱት!

ለአረፋ ስትመጣ ስልኬን ተቀበልከኝና «አባባ፣ ከእንግዲህ ደንበኛው ሁሉ በዚህ ይከፍልሃል» ብለህ፣ ያንን ሁሉ ጽሑፍ ሳታነብልኝ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንክ። እኔ ሥጋ እየበላሁ ነበር፣ እጄ ቅባት ነበር። ጣቱ ያንተ፣ ስሙ የእኔ። በመጀመሪያ ከመቶ ብር አንድ ብር ነበር የምትቆርጡት፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስት አደረጋችሁት። እናትህ ሙሉካ ቡላውን ከጨለለቅቱ ተሸክማ ታመጣለች፤ እህትህ ኢልሃም ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ስትሸጥ ትውላለች። የእናንተ ድርጅት ምኑን ተሸክሞ ነው ሦስት ብር የሚወስደው? ይሁን፣ ይህን እንኳ እያጉረመረምኩ አልፈው ነበር።

ያላለፍኩት የኤልቤቴልን ነገር ነው። ኤልቤቴል ይርጋጨፌ የምታስተምር ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ አልጸናላትም። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የሰው ዓይን ፈርታ ከባሏ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም፣ በሰፊ ሹራብ ሸፍና ነው የምትውለው። ለአራስ ገንፎዋ ብላ አምስት ኪሎ ቡላ አዘዘችን፣ በእናንተው በኩል ከፈለች። በማግስቱ ድርጅታችሁ ስልኳ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ «ኤልቤቴል ከኡስማን ሱቅ አምስት ኪሎ ቡላ ገዝታ በእኛ ከፍላለች፤ እርስዎስ?» የሚል መልእክት በተነ። ወጣት ሚስት አምስት ኪሎ ቡላ ስትገዛ ለምን እንደሆነ የማይገባው ሰው በዚህ አገር አለ? መምህራኑ በእረፍት ሰዓት ከበው እልል አሉባት።

ሱቅ ድረስ መጣች። ስድብ ስጠብቅ «አባባ፣ እርስዎ ጋ ያልኩት እርስዎ ጋ ይቀራል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ሹራቧን ጨብጣ አለቀሰች። በሰባ ስምንት ዓመቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የድርጅታችሁ ሠራተኛ ታሪኩ ከሐዋሳ ሲመጣ ስሟን አጥፉልኝ አልኩት። «አባባ፣ ተስማምተዋል እኮ» አለኝ። ይባስ ብሎ በእናንተ በኩል የከፈሉትን የአርባ ደንበኞቼን ሙሉ ስም፣ ስልክና የገዙበትን ምክንያት የምሞላበት ቅጽ ዘረጋልኝ፤ ካልሞላሁ የክፍያ ሒሳቤ ይዘጋብኛል። ሞላሁለት! ተራ ቁጥር አንድ፦ ኡስማን፤ ምክንያት፦ ግድግዳ ለመለሰን። ተራ ቁጥር ሁለት፦ ኡስማን፤ ምክንያት፦ ራሰ በራዬን ለመቀባት። እንዲህ እያልኩ እስከ አርባ። ልጁ አንብቦ «ቡላውን በሙሉ ለራስዎ ነው የሸጡት?» ቢለኝ «አዎ፣ ዋጋ የማይከራከር ደንበኛ ነኝ» አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ደመወዙ ትዝ ሲለው ተወው።

ሐሙስ ዕለት ዘጉት። ይዝጉት! ገበያችን በግማሽ ቀንሷል፣ አልደብቅህም፤ ኢልሃምም አኩርፋኛለች። አሁን ደንበኛው ቡላውን ሲረከብ በእጁ ይከፍላል። ገንዘቡ ዘግይቶ ይደርሰኛል፣ ግን አፍ የለውም። እስክሞት የምሸጠው እንዲህ ነው።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማሽናችሁ ውስጥ ገብተህ ስሟን አጥፋ። አለቃህ ቢቆጣ ከእኔ ጋር አገናኘው። እምቢ ካልክ ደግሞ «ሙሐሲን እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ፍራሽ ያረጥብ ነበር፤ እርስዎስ?» የሚል መልእክት ለእጮኛህ ዘመዶች በሙሉ እልካለሁ። መላክ አሳይተኸኛል።

ሴት አያትህ ሀዲጃ ደረትህን ከብርድ ጠብቅ ብላለች። ኢልሃም ኩርፊያዋ ስላላለቀ በግማሽ አፏ ሰላም ብላሃለች። ሙሉካ የእናት ሰላምታ ልካልሃለች። አብሮህ ለሚኖረው ለአሚን ሰላም በልልኝ፣ እጮኛህንም ሳምልኝ፤ ስለ ፍራሹ ግን ገና አትንገራት።

አያትህ ኡስማን
ዲላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ። ይርጋጨፌ የምታስተምር ኤልቤቴል የምትባል ደንበኛ የለችኝም። ሴትየዋ አለች፣ እንባዋም እውነት ነው፣ አላህ በሰላም ይገላግላት። ስሟን፣ ሥራዋንና ከተማዋን ግን የፈጠርኩላት እኔ ነኝ። ማንኛዋ እንደሆነች ስለማታውቅ እንግዲህ አርባዎቹንም አጥፋ።