የለተሥላሴ ንብ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የዘንድሮው ዝናብ ጤፉን ሳይጎዳው ወጣ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቅጣው ሲያነብልሽ ሌላ ሰው አጠገባችሁ አይኑር።

ባለፈው ሳምንት ለአንደኛ ክፍሎቹ ንብ ከአበባ አበባ ስትዞር የምትሠራውን አስተማርኳቸው። ከሳሙና ካርቶን አበባ ቆረጥን፤ መሀሉ ላይ እርድ ነሰነስን። ስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለን ንብ አደረግነው። ጥጡ አንዱን አበባ ነክቶ ሌላው ላይ ሲያርፍ ቢጫው ዱቄት አብሮት ይሄዳል። «አበባው ፍሬ የሚይዘው እንዲህ ነው» አልኳቸው። አፍንጫቸው ሳይቀር ቢጫ ሆነ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ንቦቹን አስቀምጡ ስላቸው ለተሥላሴ የምትባል፣ ዘንድሮ የገባች ልጅ፣ የእጇን ጀርባ ከንፈሯ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ እምምም አለች። ከዚያ ለጥጧ ንብ «ግቢ እመቤቴ፣ ቤትሽ ሞቋል» አለቻት።

እናቴ፣ ወንድሜ አንዷለም መንጋ ወደ ቀፎ ሲያስገባ እንዲህ ነበር የሚለው። ቃሉንም የፈጠረው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲለው ሰምተን አናውቅም። በ1991 ከዘመተ ወዲህ ያን ድምፅ በሕልሜ እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁም። እሱ የቆመ መስሎኝ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ።

እናቷ ጥሩሐረግ ልትወስዳት ስትመጣ፣ ይህን ማን አስተማራት ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ከየት ሰማሽው?» አለችኝ።

ከወንድሜ አልኳት፤ ስሙንም ነገርኳት። የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። «ተመለሰ?» አለችኝ።

መርዶው ለሁሉም የደረሰ ይመስለኝ ነበር። ከፊቴ አወቀችው። ልጅቱ እንዳትሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ እኔም ደግፌ ያዝኳት። ለካ ጥሩሐረግ የአገራችን የአምደወርቅ ልጅ ናት። እሱ በዘመተ በጥቂት ወሩ፣ ሆዷን ሰው ሳያይባት፣ ሰቆጣ አክስቷ ዘንድ መጥታ ቀረች።

አሁን ክፍል ስገባ ልጅቱን ቀና ብዬ ለማየት እፈራለሁ። ስትስቅ የሚሰረጎደው ግራ ጉንጯ ብቻ ነው። ሌላውን አንቺው መጥተሽ እይ።

ለኅዳር ሚካኤል ነይ። ስትመጪ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ቀሚስ አሰፊ። ጫፉን ሰፋ አድርገው አጥፈው ይስፉት፤ ቶሎ ቶሎ እያደገች ነው።

ሥላሴ ጉልበትሽን ያጽኑልኝ፤ መንገዱን ያቅልሉልሽ።

ቀሪዋ ልጅሽ