ሳልሞት ስለተተከለልኝ ድንኳን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ሙሳ፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ በእድሩ ቤት በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ያ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎም ጭምር፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ከሞትኩ ወዲህ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ፤ የምግብ ፍላጎቴም ተመልሷል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚያ ዕለት ስለተደረገልኝ የላቀ አገልግሎት ለማመስገንና ከምስጋናው ጋር ጥቂት ቅሬታዎችን በትሕትና ለማያያዝ ነው። ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ጁነይድና ሚስቱ ሂዳያ ለብዙ ዓመት ልጅ ሲጠብቁ ኖረው፣ እናቷ በወሊድ ያረፈችባትን፣ ዘመድ ተፈልጎ ያልተገኘላትን አንዲት ጨቅላ በፍርድ ቤት ፈቃድ በጉዲፈቻ ወሰዱ። ማክሰኞ ዕለት ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ወጥተን ከሆስፒታል ተረከብናት። ይዘናት ስንመለስ ግን በራችን ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው በየወንበሩ አንገቱን ደፍቶ ሬሳ ሲጠብቅ ደረስን። የሚጠበቀው ሬሳ እኔ ነበርኩ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። አንድ የሰፈራችን ሰው “ሂዳያን ሆስፒታል በር ላይ ስታለቅስ አየኋት” ብሎ ስለደወለልዎ ብቻ፣ ሌላ ሳይጠይቁ ግርማን ጥሩምባ አስይዘው በየመንገዱ አዞሩት። ምራት ካለቀሰች አማቷ ሞቷል ብሎ መደምደምዎ ስለ ሮቢት ምራቶች ያለዎትን ከፍተኛ ግምት ስለሚያሳይ፣ በሴቶቹ ስም አመሰግናለሁ። ልጅ ታቅፋ በደስታ ታለቅስ ይሆናል ብሎ ማሰብ ለአንድ ሊቀመንበር ብዙ ድካም መሆኑን እረዳለሁ። እርግጥ ነው፣ “አባባ አሟቸዋል፣ ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ነው” ብለው ለጎረቤቱ የነገሩት የኔው ልጆች ናቸው። እንዲህ በሉ ብዬ ያዘዝኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ መመለሱ ግን እየከበደኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሟቹ ስለተነገረው። በጆሮዬ እንደሰማሁት ትዕግሥተኛ፣ ቁም ነገረኛና ዝምተኛ ሰው ነበርኩ። ዝምተኛ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ አፈር ሳልቀምስ እንዲህ ከዋሹልኝ፣ ከቀመስኩ በኋላ የት ሊያደርሱኝ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። እውነቱን የተናገሩት ወይዘሮ ወይንሸት ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው “ከእንግዲህ ማን ይቀልድብናል?” እያሉ ሲያለቅሱ ሰምቼ እኔም ለራሴ አዝኛለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ከየት ሆኜ እንደሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቅሬታዬ አድራሻውን ይስታል።

ጣርማ በር ላይ ብርዱን ፈርተን ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልለናት ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን የሮቢት ሙቀት ፊታችንን ሲመታን ልትገለጥ ይገባት ነበር። ሂዳያ ልትገልጣት እጇን ስትሰድ “ቆይ፣ ሰው ያያል” አልኳት። የሕፃኗ ላብ በግንባሯ ሲወርድ እያየሁ ነው ያልኳት። የመኪናውን መጋረጃ አስዘጋሁ። ሾፌሩንም ዋናውን መንገድ አስትቼ በሮቢ ወንዝ በኩል፣ በሽንኩርት ማሳው ጥግ፣ በጓሮ አስገባሁት። ድንኳናችሁን ያላየነው፣ እናንተም እኛን ያላያችሁን ለዚህ ነው። የሰረቀ ሰው እንኳ ከዚህ ይልቅ ደረቱን ነፍቶ ይገባል።

ይህን ያደረግሁት እርስዎ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ዘሩ ያልታወቀ ልጅ ቤታቸው ስለሚያስገቡ ሰዎች የሰጡንን ሰፊ ትምህርት ስላልረሳሁ ነው። ያን ዕለት ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሂዳያ ልጅ አጥታ በየሐኪሙ ስትንከራተት፣ አማቷ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይስቅ ነበር።

ጓዳ ገብተን፣ እናንተ ከውጭ ስታወድሱኝ እየሰማሁ፣ እንደ ወጉ በቀኝ ጆሮዋ አዛን ልልላት ሳጎነብስ፣ ለሟች የሚቀራው ያሲን ለኔ መቀራት ተጀመረ። ድምፄ እንዳይሰማ አዛኑን በሹክሹክታ አልኩላት። ሰው ሁሉ እንዲሰማው የተሠራውን ነገር ሰው እንዳይሰማው አድርጌ ያልኩ ሽማግሌ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከእኔ ይልቅ ድፍረት የነበራት እሷ ናት፤ አፏን ከፍታ ስትጮህ ድንኳኑ በሙሉ ጸጥ አለ።

ሌላ መውጫ ስላጣሁ ታቅፌያት ወጣሁ። ግርማ ጥሩምባውን ጥሎ አጥር ዘለለ፤ ያንን ይቅር ብዬዋለሁ። እርስዎ ግን ፈቅ ሳይሉ፣ ቅር እንዳለው ሰው “አልሞቱም እንዴ?” አሉኝ። ቀጥሎም ዓይንዎን ወደ ሕፃኗ አዙረው “ታዲያ ይህቺ የማን ናት?” ብለው ጠየቁ።

“የእንግዳ ልጅ ናት” አልኩ።

ሂዳያ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ልጅቷን ከእጄ ተቀብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሻይዬን በሰዓቱ ታቀርብልኛለች፣ የውዱእ ውሃዬን ታሞቅልኛለች፣ እንደ ወትሮዋ አባባ ትለኛለች። ሕፃኗን ግን አታሳቅፈኝም። እኔም ስጪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ድንኳኑን እንዲነቅሉ እርስዎ የላኳቸውን ጎረምሶች ባዶ እጃቸውን የመለስኳቸው በክፋት አይደለም። ዐርብ ከጁምዓ መልስ በዚሁ ድንኳን የልጅቷን ዐቂቃ፣ የልደቷን በግ፣ እናርዳለን። ግርማም ጥሩምባውን ይዞ በዋናው መንገድ ይዙርና፣ በዚያ ቤት ሞት ሳይሆን ልጅ መግባቱን ይንገር። ባለፈው የፈሰሰውን ዕንባ በተመለከተ፣ እኔ ስላልተጠቀምኩበት ለሕፃኗ እናት ይዛወርልኝ። እድር አልነበራትምና ጥሩምባ ያልተነፋላት፣ ድንኳንም ያልተተከለላት እሷ ናት።

ደብዳቤውን በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ለእርስዎ ዓይን አዝኜ ብቻ አይደለም። ሂዳያ ወደ ገበያ ስትወርድ በእድሩ ቤት በር ነው የምታልፈው።

አንድ ጊዜ ሞቶ የተረፈ አባልዎን የማያቋርጥ አሳቢነትዎ እንዳይለየው እየለመንኩ፣
በታላቅ አክብሮትና በታላቅ ኀፍረት፣
አብዱልመጂድ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። የኔ ናት። ስሟ ራሕማ ነው። ዐርብ መምጣት የማይመችዎ ከሆነ ወደ ፊት በቀብሬም ላይ እንዳይቸገሩ፤ ለቅሶዬን አንድ ጊዜ ደርሰውልኛል። እውነተኛው ቀኔ ሲመጣ ግን ግርማ በየመንገዱ ሲያዞረኝ የማን አባት፣ የማን ወንድም እያለ እንዳይደክም አደራ። “የራሕማ አያት አረፉ” ይበል፤ ሰው ማን እንደሞተ ያውቃል።